ቀይ እንዳላይ

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም... ደብተሩ የትምህርት ቤት ነው፣ ከግማሽ በላይ ሳይጻፍበት የቀረ። መጣሉ ቆጨኝ። ስለዚህ ልሞክር።

አንድ ነገር ልናገር። ለሰው አልናገረውም። ሥራዬን ሳልወደው አልቀረሁም።

አጎቴ ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ ቀን እንዴት አልቅሼ ነበር። ለአንድ ዓመት ነው፣ እናትሽ እስክትሻላት፣ ከዚያ የማታ አስገባሻለሁ ብሎ ነበር። ዓመቱ አለፈ። እናቴም ተሻላት፣ ቢያንስ ተነስታ ትቀመጣለች። የማታውን ነገር ግን አጎቴ አንስቶት አያውቅም። እኔም አላነሳሁበትም። አፌ መቼ ታዞልኝ ያውቃል?

ሥራው እንዲህ ነው። ፎቅ ላይ ወዳለው የአጎቴ ሱቅ ሰዎች የድሮ ካሴት ያመጣሉ። እኔ ቴፑ ውስጥ ከትቼ አጫውተዋለሁ፣ ድምፁ በሽቦ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል፣ ከዚያ በፍላሽ ይወስዱታል። ካሴት አይቸኩልም። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። እንዳይቆራረጥ ስል ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አብሬው እቀመጣለሁ። እና ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች ያወሩኛል። ሕፃን ልጅ ፊደል ሲቆጥር። ባልና ሚስት ሲቀልዱ። የሞተ ሰው ሲስቅ... መልስ የሚጠብቅብኝ የለም። ለኔ ተብሎ የተሠራ ሥራ ነው።

አጎቴ «ጭጭ» ነው የሚለኝ። ኮምፒዩተሩ የመጣ ቀን የገጠመልን ጠጋኝ «የሚሠራበት ሰው ስም ማን ይሁን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አጎቴ ሳቀና «ጭጭ በላት» አለው። እንደዚያው ጻፈው። ጠዋት ጠዋት ስከፍተው ስክሪኑ ላይ «ጭጭ» ብሎ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። አሁን... እንጃ። በኔ ስም የሚከፈት ነገር ኖሮኝ አያውቅም።


ጥቅምት 23፣ ሐሙስ

ዛሬ አንዲት እማማ መጡ። ደረጃውን እያረፉ ወጥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ከሳቸው ቀድሞ ገባ። የጨርቅ ቦርሳ ሙሉ ካሴት ይዘዋል።

ባላቸው ሩቅ ቦታ ሥራ ላይ ነበሩ አሉ። ደብዳቤ መጻፍ አይሆንላቸውም፣ በካሴት እየተናገሩ ነው የሚልኩት። እማማ ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው ነው። «ብዕር ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። አፍ ግን ነበረው፣ የኔ ልጅ።»

ታዲያ አሁን ለምን አመጡት? ልጠይቅ ፈልጌ አልጠየቅሁም። ራሳቸው ነገሩኝ።

«ያለውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ድምፁ ነው የጠፋኝ። ልሰማው ስሞክር በራሴ ድምፅ ነው የሚመጣልኝ።»

ከቦርሳው ሥር አንዱን ለብቻው አወጡ። በመሀረብ የተጠቀለለ ነው። ይህችን አልሰማኋትም አሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አብሯቸው ይሠራ የነበረ ሰው ነው ያመጣላቸው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቴፓቸው ተበላሽቶ ነበር... መሀረቡን ፈቱት። ከዚያ፣

«ለአንቺ ምን ብዬ እዋሻለሁ? ቴፕማ ከጎረቤት አይጠፋም ነበር። ፈርቼ ነው።»

አሁንስ አይፈሩም? ይህም በሆዴ ቀረ። እሳቸው ግን የሰሙኝ ይመስል «አሁንማ አረጀሁ። እንደፈራሁ ልሙት እንዴ?» አሉ።

አጎቴ ከውስጥ ሆኖ ሁሉም ሲያልቅ ባንድ ላይ ነው የምንሰጠው፣ የተቆራረጠ ሥራ አልወድም አለ። እሺ አሉ። የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ፣ ኅዳር 23 ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ። መሀረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ካሴቷን ለኔ።

እጄ ላይ ስታርፍ ቀላል ናት። ለምን ከባድ መሰለችኝ?


ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ የአጎቴ መፈተሻ ቀን ነው። ጣቱን መደርደሪያው ላይ ያሳልፋል፣ ጣቱን ያያል፣ እኔን ያያል። አቧራ ሲያጣ ቅር የሚለው ይመስለኛል።

ኮምፒዩተሩ ሰሞኑን ይተኛል። አንድ ነገር ሲነኩት እስኪነቃ ሻይ ያስጠጣል። ጠጋኙ ተጠራ። በሆዴ ባለቦርሳው ነው የምለው፣ ሲጠግን እንኳ ቦርሳውን ከትከሻው አያወርድም። አንዴ ለምን አልኩት። በፈለጉት ሰዓት ሊያባርሩኝ ይችላሉ አለኝና ሳቀ። ከኔ ጋር እንደ ሰው የሚያወራ እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ አንድ አዲስ ነገር አየሁ። ኮምፒዩተሩ የደረሰበትን ሁሉ የሚጽፍበት የራሱ መዝገብ አለው። ማን እንደከፈተው፣ መቼ እንደጠፋ፣ ምን እንዳመመው። ደህናው በነጭ፣ ሕመሙ በቀይ ምልክት። እሱም እንደኔ ማታ ማታ ይጽፍ ይሆን?

ባለቦርሳው ቀዮቹን በጣቱ እየነካ ለአጎቴ አሳየው። የሰዎቹን ድምፅ የምናስቀምጥበት ዲስክ ታሟል፣ ይቀየር፣ ያለውም ቶሎ ወደ ሌላ ይገልበጥ...

አጎቴ «አንተ መጥተህ ያልታመመ ነገር አለ?» አለው።

«እኔ አይደለሁም ያልኩት። ራሱ ነው የሚጮኸው።»

«ውሻም ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ሌባ መጣ ማለት ነው?»

ሳቁ፣ ሁለቱም። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ግን አላውቅም።


ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

አጎቴ አዲስ ፍተሻ ጨመረ። ከመደርደሪያው በኋላ «እስቲ ያንን መዝገብ ክፈቺው» አለኝ። ባለቦርሳው ሲከፍት አይቼ ስለነበር ከፈትኩት። እንግሊዝኛውን አያነበውም። እኔም ከስምንተኛ ክፍል ምን ይዤ ወጣሁና? ቀይን ግን ሁሉም ሰው ያነባል። እኔማ የፈተና ወረቀቴ ላይ የለመድኩት ቀለም ነው።

ከባለፈው በዝቷል።

ምን ስትነካኪ ነው አለኝ። አልነካሁም ጋሼ፣ ጠጋኙ እንዳለው ዲስኩ... አላስጨረሰኝም።

«ጠጋኙ ጠጋኙ አትበይብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ቀይ እንዳላይ።»

እና እኔ ምን ላድርገው? ይህም በሆዴ።


ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

አጎቴ ስልኩን ጮክ አድርጎ ከፍቶ ገባ። ወዳጁ ነው መስመር ላይ ያለው። ሁሉን አወቅ ነው እሱ፣ ከመኪና እስከ ጉበት የማያውቀው የለም። «ማጥፋት ነዋ! ለዚህ ትጨነቃለህ?» ይላል።

ጥቁር መስኮት አስከፈተኝ። ማውሱ የማይሠራበት፣ ፊደል ብቻ የሚገባበት መስኮት ነው። መጀመሪያ እንቢ አለ። እንደ አለቃ ሆነሽ ክፈቺው አለኝ ሁሉን አወቅ፣ አድሚን የሚለውን ነክቼ እንደገና ከፈትኩት። ከዚያ አንድ በአንድ እየጠራልኝ እየጻፍኩ...

«ደብልዩ። ኢ። ቪ። ቲ። ዩ። ቲ። አይ። ኤል። ክፍት ቦታ። ሲ። ኤል። ክፍት ቦታ። ሲስተም። ኢንተር።»

ምንም የሆነ ነገር የለም። ጥቁሩ መስኮት ዝም። አጎቴ «የታል ታዲያ?» አለ። መዝገቡን ስከፍተው... ያ ሁሉ ቀይ የለም። ከጥቅምትም፣ ከዚያ በፊትም የነበረ የለም። ከላይ አንዲት መስመር ብቻ ቀርታለች።

«ያቺስ?»

«ነጭ ናት ጋሼ።»

«ነጭ ከሆነች ትቀመጥ።»

ምን ብላ እንደተጻፈች አላነበብኩም። ማንም አላነበባትም።

እዚህ አልዋሽም። ደስ ብሎኛል። እኔ የምለውን ሰምቶ የታዘዘኝ ነገር ይኸው ነው፣ ያውም ድምፄን ሳላወጣ።


ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ቀዮቹ ተመልሰው ነበር። አጎቴ ሳይደርስ አጠፋኋቸው። ፊደሎቹን በቃሌ ይዣለሁ፣ መዝሙር እንደሚያጠና ልጅ።

መጣ። መደርደሪያ። ጣት። መዝገብ። «ጎበዝ» አለኝ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ስትጫወት ዋለች።

ለእናቴ ነገርኳት። አየሽ፣ የማታውንም ያስገባሻል አለች። እናቴ ተስፋ የምትሠራበት ዕቃ ብዙ አያስፈልጋትም።


ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

አጠፋሁ። ከምሳ ስመለስ ቀዮቹ እዚያው ናቸው። እንደ ጉንዳን።


ኅዳር 14፣ ሐሙስ

የእማማን የመጨረሻዋን ካሴት ዛሬ አጫወትኳት።

ሌሎቹን ጨርሼ ነበር። ባላቸውን አሁን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሳል ይመጣል። ቀጥሎ «የኔ ጭቅጭቅ፣ እንደምን ከረምሽ?» ይላሉ። ሁሌ እንደዚያ ነው የሚጠሯቸው። ከዚያ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ይጠይቃሉ፣ ጠጋኝ እንዳታስገቢ፣ እኔ ስመጣ ነው የምሠራው ይላሉ። በየካሴቱ ስለ ጣሪያው። ያ ጣሪያ መቼም አልተሠራም መሰለኝ።

የመጨረሻዋ ሻግታለች። ባለቦርሳው አንዴ ነግሮኛል፣ እንዲህ ያለ ክር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያወራው፣ እያወራ ይረግፋል። የቴፑን ማንበቢያ በጥጥ ጠርጌ፣ እጄን ታጥቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ጀመርኩ። ቡናማ ዱቄት እየረገፈ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሳይቆራረጥ ወደ ኮምፒዩተሩ ገባልኝ። ክሩን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሳየው ብርሃን ያሳልፋል። ምንም አልቀረበትም።

ምን እንዳለ አልጽፍም። እሳቸው ሳይሰሙት እኔ ደብተር ላይ... አይሆንም። የሳቸው ነው። ግን አለቀስኩ። ሳቅሁም።


ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ኮምፒዩተሩ ድምፅ አመጣ። ቀጭ... ቀጭ... ቆም ይልና እንደገና ቀጭ። ጥፍሩን የሚቆርጥ ሰው ውስጡ የተቀመጠ ይመስላል። ሌላ ነገር ባላውቅም ድምፅ አውቃለሁ። ይህ ደህና ድምፅ አይደለም።

ጠዋቱን ሙሉ አፌን ሳሟሽ ቆየሁ። አጎቴ መጥቶ፣ ጣቱን አይቶ፣ መዝገቡን አይቶ ሊወጣ ሲል፣

«ጋሼ... ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል።»

«ቀይ አለ?»

«የለም። አጥፍቼዋለሁ።»

«ታዲያ ቀይ ከሌለ ምን ሆነ ትያለሽ?»

 

የእማማን ልገልብጠው፣ ፍላሽ ይስጡኝ አልኩት። ፍላሾቹ እሱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ሲያልቅ አላልኩሽም አለ። አልቋል አልኩ። «እንግዲያው ሲመጡ» አለና ወጣ።

ሁለት ጊዜ ተናገርኩ፣ ባንድ ቀን። ለኔ ብዙ ነበር። ለሱ ግን...


ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

ሞተ።

ጠዋት ስከፍተው «ጭጭ» አለኝ እንደ ልማዱ። ውስጥ ስገባ ግን ድምፆቹ ያሉበት ዲስክ የለም። ዲስኩ ጭራሽ ኖሮ የሚያውቅ አይመስልም። መዝገቡ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ለአጎቴ ደወልኩ።  ባለቦርሳውን እልከዋለሁ አለ። ከዚያ ደግሞ፣

«ሰው ሊመጣ ነው። ቤት አይጠረግም? ያንን ነገር ጥረጊው።»

ጠረግሁ። ለምን ጠረግሁ? አላሰብኩም እንዳልል አስቤያለሁ። ጣቶቼ ግን ከኔ ይልቅ እሱን ይሰማሉ።

ባለቦርሳው ዲስኩን አወጣ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው፣ መልሶ ሞከረው፣ ሌላ ሽቦ ሞከረ። ከዚህ ውስጥ ማንም ምንም አያወጣም አለ። ያን ጊዜ አጎቴ ደርሷል። በሩ ላይ ቆሞ ባለፈው ስትነካካው ነው ያበላሸኸው አለው። ደረጃው ላይ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እንዲሰሙ ነው የተናገረው፣ ያን ያህል ጮኾ አያውቅም።

ባለቦርሳው አልተቆጣም። «ከጥቅምት ጀምሮ ሲጮኽ አልነበር? መዝገቡን እንየው። ክፈቺው እህቴ።»

ከፈትኩት። ባዶ። አንዲት ነጭ መስመር።

ጎንበስ ብሎ አነበባት። ይህን ያህል ጊዜ ያላነበብናትን መስመር በእንግሊዝኛ አነበባትና በአማርኛ ደገማት።

«ይህ መዝገብ ተጠርጓል። የጠረገው... ጭጭ።»

ለካ መጥረጉም ይጻፋል። ለካ ባጠፋሁ ቁጥር «እኔ አጠፋሁ» ብዬ በስሜ ስፈርም ነበር። አጥፍቼ አጥፍቼ የማይጠፋው እኔ ብቻ ነኝ።

ማን አሳየሽ አለኝ ባለቦርሳው። አጎቴን አየሁት። አጎቴ ጣሪያውን ያያል። «ጋሼ ነው።» ሁለት ቃል። ምላሴ ሥር ደርሶ ነበር እኮ...  አጎቴ ቀደመኝ። ሳቅ አለና በደግ ድምፅ፣

«ልጅ ናት። ምን ታውቃለች? ተዋት።»

ተወኝ። ባለቦርሳው ቦርሳውን አስተካክሎ ሄደ። ደህና ዋይ አላለኝም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። እኔ ግን ዳዋው ነኝ ወይስ አይጡ? ጣቱ የማን ነበር?


ኅዳር 20፣ ረቡዕ

አጎቴ ቀድሞኝ ቤት መጥቶ ለእናቴ ነግሯታል። ልጅሽ አንድ ነገር አጥፍታለች፣ እኔ ግን ይቅር ብያታለሁ ብሎ። ይቅር ብሎኛል! እናቴ ገና ከበር ስገባ ሄደሽ አመስግኚው አለችኝ።

እውነቱን ነገርኳት። ወለሉን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁሉንም። ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላ ጫማዋን በእግሯ ስትፈልግ ቆየች።

«አውቃለሁ። ወንድሜን እኔ አላውቀውም?»

ታዲያ?

«ታዲያማ እሱ ባይኖር የት እንወድቅ ነበር? ዝም በይ የኔ ልጅ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

አይገባም። እውነቷን ነው። ግን ምን ይወጣል?

ውሸትሽን ነው ብላ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አምናኝ ነው ዝም በይ ያለችኝ።


ኅዳር 21፣ ሐሙስ

ዲስኩ ይቀየር ሲባል አጎቴ ቀልዶበት አልነበር? ዛሬ አዲስ ተገዝቶ መጣ። ባለቦርሳው ገጠመው። ሲሠራ አላወራኝም። ሲወጣ ተከትዬው እስከ ደረጃው ሄድኩ፣ ምን ልለው እንደሆነ ሳላውቅ። ዞር አለ።

አጎቴ እንዳዘዘኝ ያውቃል። ያንን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም አለኝ። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ሁለት ደንበኞቹ ዲስክ ያበላሻል ተብሎ ተነግሯቸው ሥራ ከልክለውታል።

«ስጠይቅሽ አንድ ቃል ብትይ ይበቃኝ ነበር። አንቺ ግን ስምሽን ሆንሽ።»

ወረደ። እግሩን እስከ ታች ሰማሁት። ድምፅ መለየት እንዴት ያለ እርግማን ነው፣ ሰው ሲርቅ በየደረጃው ይሰማል።

ከሰዓት አጎቴ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተቀምጦ አውርቶኝ አያውቅም። ከነገ ወዲያ ሴትዮዋ ይመጣሉ አለ። ሌሎቹን ደንበኞች እሱ ይይዛቸዋል፣ ካሴታቸው በእጃቸው ስላለ እንደገና ይገለበጣል። የሳቸው የመጨረሻዋ ግን...

«መብራት ነው በያቸው። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ አቃጠለው። በመብራት የሚከራከር ሰው አላየሁም።»

ለምን እኔ ልል ስል፣ አንቺን ይወዱሻል አለ። እውነት ነው። ስለሚወዱኝ እኔ እንድዋሻቸው።

ሊነሳ ሲል ትከሻዬን ነካ አደረገ። «ይህ ነገር ይለፍና ያንን የማታውን ትምህርት እናየዋለን። ምዝገባው ደርሷል አሉ።»

ከዓመት በላይ ይህን ቃል ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ዛሬ መጣልኝ። ለምን አፌ መረረኝ?


ኅዳር 22፣ ዓርብ

ነገ ቅዳሜ ነው። አጎቴ በስልክ አስታወሰኝ። ሰው ይመጣል፣ መዝገቡን ጠርገሽ እደሪ።

አልጠረግሁም። አዲሱ ዲስክ ደህና ነው፣ ግን ለምን እንደሆነ የማላውቀው አንድ ሁለት ቀይ አለ። ይኑር። ነገ ጣቱን አይቶ ሲያበቃ ይየው። ምን እንደሚል ባለቦርሳውን ጠርቶ ያስነብበው። እኔ ነኝ እንዲጠራ የምለው። ባለቦርሳው ሲመጣም ያቺን የዋጥኳትን ሁለት ቃል እሰጠዋለሁ። ደንበኞቹ ደረጃው ላይ ቢኖሩ ደግሞ ይሻላል።

የማታው ትምህርት... ይቅር። ይህን ስጽፍ እጄ ቆመ። ይቅር ግን። በውሸት ተከፍሎበት ክፍል ውስጥ ብቀመጥ መምህሩ ስሜን ሲጠራ ምን ብዬ አቤት እላለሁ? እናቴ ታለቅስ ይሆናል። አጎቴ ያባርረኝ ይሆናል። ከዚያ የት እንወድቃለን? አላውቅም። እናቴ ይህን ስትጠይቅ ትክክል ናት።

ከሁሉ የምፈራው እማማን ነው። ደረጃውን እያረፉ ይወጣሉ። መሀረቡን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ፍላሿን ሊጠቀልሉባት። ያንን መሀረብ እያየሁ እንዴት...

ከመሸ ጀምሮ እየተለማመድኩ ነው። በሹክሹክታ፣ እናቴ እንዳትሰማኝ። «እማማ፣ መብራት አይደለም። ታሟል ተብሎ ተነግሮን ነበር። ሕመሙን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አጎቴ አዞኝ።» ይኸው ነው። ሦስት ነገር። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ይሰበራል። ይሰበር፣ ቃሉ ካለ ይበቃል።

ይሰድቡኝ ይሆናል። ይገባኛል። ካሴቷን ይጠይቁኛል፣ ያንን ብርሃን የሚያሳልፍ ክር እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያው ወርደው ከሄዱ አልከተላቸውም።

ከቆዩልኝ ግን... ያችን ካሴት በዚህ ዓለም ላይ የሰማ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እንዳልረሳው በየቀኑ ከራሴ ጋር ሳጫውተው ከርሜያለሁ፣ አሁን ግን ፈራሁና ልጻፈው።

መጀመሪያ ሳል። ከዚያ ሰላምታ፣ ከዚያ ጣሪያው። ከዚያ «በይ ደህና ሁኚ» ብለው ተነሱ። ቴፑን ማጥፋት ረሱ። ቀሪው ሁሉ እሳቸው ለብቻቸው ክፍሉ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ነው። ወንበር ይጎተታል። ውሃ ይቀዳል። በአፍንጫቸው የሆነ ዜማ ያዜማሉ፣ መሀሉን አያውቁትም፣ እዚያው ይመላለሳሉ። መሳቢያ ከፍተው ሲፈልጉ፣ ሲፈልጉ... ከዚያ ድንገት ጮክ ብለው፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ላለ ሰው እንደሚባለው፣ «ቢላዋውን የት አደረግሽው?»

ዝም።

ከዚያ ብቻቸውን ሳቁ። «አይ የኔ ጭቅጭቅ» አሉ፣ ቀስ ብለው። እዚያ ላይ ክሩ አለቀ።

ሳሉን ማስመሰል አልችልም። ሳቁንም አልችልም። እሳቸው የጠፋባቸው ደግሞ ቃሉ አልነበረም፣ ድምፁ ነበር። ሌሎቹ ካሴቶች እንደገና ይገለበጣሉ፣ የዚህችን ድምፅ ግን አጥፍቼዋለሁ፣ የምመልስበት ፊደል የለም። የቀረኝን ነው የምሰጠው፣ በዚህ በማይረባ ድምፄ።

ነገ እማማ ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወርዳለሁ። መጀመሪያ «መብራት አይደለም» እላቸዋለሁ። ቀጥሎ ወንበር ሰጥቼ፣ ከፈቀዱልኝ፣ ስለ ቢላዋው።